ያውቁ ኖሯል? ጠመንጃ ሠሪው ሽጉጥ ሲሞክር!

ያውቁ ኖሯል? ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስሙ በጠመንጃ ሲነሳ የኖረ የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 ድንገት ሪቮልቨር ይዞ ብቅ አለ! ሄንሪ ሪፒቲንግ አርምስ ይባላል። የካውቦይ ጠመንጃ ወዳጆች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩት ቤት ነው። ሽጉጡ ገበያ ከመልመዱ በፊት ክርክሩ ተቀጣጠለ!

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግርዎታለሁ!)

የሽጉጡ ስም “ቢግ ቦይ” ነው! ስድስት ጥይት ይጎርሳል። አፈሙዙ 4 ኢንች ነው። ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት አንድ ኪሎ ገደማ ይመታል። ሲወጣ ዋጋው ደግሞ ከ900 ዶላር በላይ ነበር! ብረቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ እጀታው የዋልነት እንጨት። የምላጩ ከለላና የእጀታው ጀርባ ግን ናስ ነው፤ መልክዎን የሚያዩበት፣ በጣትዎ ከነኩት አሻራዎ የሚቀርበት፣ ወርቅ የሚመስል ናስ!

እዚህ ላይ አስተያየቱ ለሁለት ተሰነጠቀ! ሰው ሁሉ ከሄንሪ የጠበቀው የድሮ ካውቦይ ሽጉጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻው በአውራ ጣት የሚሳብ፣ ጥይቱ በጎን በር አንድ በአንድ የሚገባ። የመጣው ሌላ ነው! ከሩቅ ሲያዩት የ1870ዎቹ ይመስላል። ጠጋ ብለው ቁልፉን ሲገፉት ግን የሚዞረው የጥይት ካዝና እንደ ፖሊስ ሽጉጥ ወደ ጎን ዘርገፍ ይላል! ምላጩን መሳብ ብቻ ይበቃል። ፊቱ ሽማግሌ፣ ሆዱ ጎረምሳ!

አንዱ “የሁለት ዘመን ዲቃላ” አለው። ሌላው “እንዲህ ያለ አወላወል ዛሬ ማን ይሠራል?” ብሎ አንጀቱ ራሰ። የምላጩን ልስላሴ ያላመሰገነ ግን ብዙም አልተገኘም! ቅሬታው በዒላማ ማያው ላይ በረታ። የኋላው በብረቱ ላይ የተሰነጠቀ ቦይ ብቻ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። የፊቱ ግን ይፈታል! ቁመታቸው የተለያየ ሦስት የፊት ማያዎች አብረው ይሰጡዎታል። በብሎን ፈተው፣ ቀይረው፣ ጥይትዎ ዝቅ ወይም ከፍ እንዲል ያደርጉታል። ጥይቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሳተስ? ያው ራስዎ ይጠንቀቁ!

እኔ ከተሳላቂዎቹ ወገን ለመሆን አስቤ ነበር። ናሱን ሳይ ልቤ ከዳኝ!

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሽጉጥና የኩባንያው “ቢግ ቦይ” ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት ሊጎርሱ ይችላሉ! ያው .357 ማግነም። አንድ ዝናር ታጥቀው ለሁለቱም ይቆነጥራሉ። ዘዴው የከብት ነጂዎች ዘመን ዘዴ ነው። ኩባንያው አዲስ ፈጠራ አመጣሁ አላለም፤ የጎደለውን ግማሽ ሞላ እንጂ!

ሄንሪ ከዚህ በፊት ጭራሽ ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም ብለው ይምላሉ? አይማሉ! “ሜርስ ሌግ” የሚባል ነገር አለው። ሰደፉ ተቆርጦ የቀረ፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ፊት ግን ሽጉጥ ነው! መነሻው ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ! ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ከ1958 ጀምሮ በተላለፈ ድራማ ላይ የተቆረጠ ዊንቸስተር ጭኑ ላይ አስሮ ይታይ ነበር። ሰው ወደደው፣ ፋብሪካ ሠራው!

ይበልጥ የሚገርመውን ልንገርዎ? የዛሬው ሄንሪ ኩባንያ ከጥንቱ ሄንሪ ጋር ዘመድ አይደለም! የተመሠረተው በ1996 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ነው። መሥራቾቹ አባትና ልጅ ናቸው፤ የቤተሰቡ ስም ኢምፔራቶ። ስሙን ከታሪክ ወሰዱት። ስም ያህል ካፒታል የት ይገኛል?

የጥንቱ ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ በ1860 የፈጠራ መብት ያወጣበት ጠመንጃ በአንድ ሙሌት 16 ጥይት ይተኩስ ነበር! ያን ጊዜ አብዛኛው ወታደር አንዲት ጥይት ተኩሶ ባሩዱን በአፈሙዙ እንደገና ያጎርሳል። ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በወርቅ የተንቆጠቆጠ አንድ ተበረከተላቸው። ተከታታይ ቁጥሩ 6 ነው። ዛሬም በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል!

የሄንሪ አለቃ ማን እንደነበረ ይገምቱ! ሸሚዝ ሰፊ! አዎን፣ ኦሊቨር ዊንቸስተር በኒው ሄቨን ከተማ የወንዶች ሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ከሸሚዙ ያገኘውን ገንዘብ በጠመንጃ ላይ አዋለው። ስሙ የዱር ምዕራብ ምልክት ሆኖ ቀረ፤ ሸሚዙን ግን ማን ያስታውሳል?

ያ ዊንቸስተር የገዛው የጠመንጃ ሥራ የነማን ነበር? የሆራስ ስሚዝና የዳንኤል ዌሰን! ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ የሪቮልቨር ንጉሦቹ፣ መጀመሪያ አብረው የተነሱት ከምላጭ ሥር ባለ ቀለበት በሚጎርስ መሣሪያ ነው። ጥይቱ ቀለህ አልነበረውም። ባሩዱ በራሱ በእርሳሱ ጀርባ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ይታሸግ ነበር! አቅሙ ደካማ፣ ገበያውም ደካማ። ሥራውን ለእነ ዊንቸስተር ለቀቁና በ1857 የመጀመሪያ ሪቮልቨራቸውን አወጡ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል!

ግን የሰው መብት ተከራይተው ነው! ሮሊን ዋይት የተባለ ሰው ካዝናው ከዳር እስከ ዳር እንዲበሳና ጥይቱ ከኋላ እንዲገባ የሚያስችል የፈጠራ መብት በ1855 ይዞ ነበር። በአንድ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ይከፍሉት ጀመር። ደስ ይላል አይደል? ቆይ! በውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ አለች፤ መብቱን የጣሰ ሲመጣ በፍርድ ቤት የሚሟገተው ዋይት ራሱ ነው፣ በራሱ ወጪ! ጣሾቹ እንደ አሸን ፈሉ። 25 ሳንቲሙ ሁሉ ወደ ጠበቃ ኪስ ገባ! የአሜሪካ ምክር ቤት አዝኖለት ማካካሻ የሚሆን ሕግ ቢያወጣለት ፕሬዚዳንት ግራንት በ1870 ውድቅ አደረጉት!

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1868፣ ጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን መጥቶ ነበር። በባሩድና በእርሳስ የሚሞሉ ሽጉጦቹን ወደ ጥይት ለመቀየር ፈለገ፤ ፈቃድ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ገዛ። ስንት ከፈለ? በአንድ ሽጉጥ አንድ ዶላር! ከ4,500 በላይ ሽጉጥ ተቀየረ። ፈጣሪው በሽጉጥ 25 ሳንቲም፣ ተከራዮቹ አንድ ዶላር! ንግድ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሚስጥሩ እንግባ። ያውቁ ኖሯል? ዊንቸስተር ሪቮልቨር ሠርቶ ነበር! ገዝተው አያውቁም? ማንም አልገዛም! በ1870ዎቹ የኩባንያው ባለሙያዎች ናሙናዎችን ሠሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ በዋዮሚንግ ግዛት ኮዲ ከተማ ሙዚየም መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ሱቅ ደርሰው አያውቁም!

ለምን? የሚተረተው ታሪክ ከፊልም ይጥማል! በ1883 የሽጉጡ ጌታ ኮልት ድንበር ተሻግሮ ቀለበት ያለው ጠመንጃ ይሸጥ ጀመር፤ ኮልት በርጀስ ይባላል። ዊንቸስተር ተቆጣ። የሽጉጥ ናሙናዎቹን አወጣ፤ ከኮልት ራሱ የመጣ ዊሊያም ሜሰን የሚባል ባለሙያም ነበረው! ናሙናዎቹ በኮልት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፉ ይባላል። ዝምታ ሆነ። እናንተ ጠመንጃ ተዉ፣ እኛ ሽጉጥ እንተዋለን! የተጻፈ ውል የለም፣ ፊርማ የለም። ኮልት በርጀስ ግን 6,400 ያህል ተሠርቶ በ1885 ቆመ! ዊንቸስተርም ሽጉጡን ወደ መሳቢያ መለሰ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የጠመንጃ ሠሪዎች ሽጉጥ የተዋጣለት ይህ ነው። ሳይሸጥ ሥራውን ሠራ!

ከዊንቸስተር ሽጉጥ ነዳፊዎች አንዱ ሁጎ ቦርቻርት ነበር። ወደ አውሮፓ ሄደና በ1893 ራሱ የሚጎርስ ሽጉጥ ሠራ። ከዚያ ሽጉጥ ላይ ተነስቶ ምን ተወለደ? ዝነኛው ሉገር! አሜሪካ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችው እጅ ጀርመን ላይ ተፈታ!

ይኸኛው ከሪቮልቨር ጋር አይገናኝም፤ ማለፍ ግን አልቻልኩም! የኦሊቨር ዊንቸስተር ምራት ሳራ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ 160 ያህል ክፍሎች ያሉት ቤት አስገነባች። ወደ ጣሪያ ወጥቶ የሚቆም ደረጃ አለው። ሲከፈት ወደ ባዶ አየር የሚያስገባ በር አለው! በዊንቸስተር የሞቱ ሰዎች መንፈስ እንዳያገኛት ነው ይላል አፈ ታሪኩ። ዛሬ ቱሪስት እየከፈለ ይጠፋበታል!

ኮልት ደግሞ ተፎካካሪውን ሲቀዳ አያፍርም! የዊንቸስተር 1873 ጠመንጃ የሚጎርሰው .44-40 ጥይት እጅግ ተወዳጅ ሆነ። ኮልትም ለዚያው ጥይት የሚሆን ሪቮልቨር አወጣ። አፈሙዙ ላይ የዊንቸስተርን ስም ይጽፍ ይሆን? በጭራሽ! “ኮልት ፍሮንቲየር ሲክስ ሹተር” ብሎ አሳመረበት!

አሁን ወደ ጀርመን! ያውቁ ኖሯል? ማውዘር፣ ያ የጠመንጃ ንጉሥ፣ የመጀመሪያ ዝነኛ ሽጉጡ ሪቮልቨር ነበር! በ1878 ወጣ። ካዝናው ላይ ጎንና ጎን የተንጋደዱ ቦዮች ዚግዛግ ሆነው ተቀርጸዋል። አንዲት የብረት ጥርስ በቦዩ ውስጥ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ በሄደች ቁጥር ካዝናው ቦዩን ተከትሎ ይዞራል! የሌሎች ሽጉጦች ካዝና በጥርስ እየተገፋ ሲዞር የማውዘር ካዝና ይጨፍራል። “ዚግዛግ” የሚለው ስም ተጣብቆበት ቀረ!

መሣሪያው ግሩም፣ ዋጋው ውድ፣ ውስጡ ውስብስብ። የጀርመን ጦር አየው፣ አደነቀው፣ አልገዛውም! በምትኩ በ1879 የመረጠው ሽጉጥ ምን ዓይነት ነበር? ቀለህ ማውጫ እንኳ የሌለው! ወታደሩ ስድስቱን ቀለህ ከኪሱ በሚያወጣት ዘንግ አንድ በአንድ እየወጋ ያስወጣል። ሪቮልቨር ሆኖ ሳለ ደግሞ ባለ መቆለፊያ ነበር! የዚያን ኮሚቴ አባላት አግኝቼ አንድ ጥያቄ በጠየቅኳቸው!

ፓውል ማውዘር ለቤተሰቡ 13ኛ ልጅ ነበር! አባቱም ጠመንጃ ሠሪ። ይሠሩበት የነበረው የኦበርንዶርፍ ፋብሪካ ቀድሞ የመነኮሳት ገዳም ነበር! ጸሎት ወጣ፣ ሞረድ ገባ። ፓውል በ1901 ራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲሞክር አንድ ዓይኑን አጣ። ሥራውን ግን አልተወም!

ማውዘሮችን መጀመሪያ ያገኛቸው ባለ ገንዘብ ማን ነበር? ሳሙኤል ኖሪስ፣ የሬሚንግተን ወኪል! በ1860ዎቹ መጨረሻ ፓውልንና ወንድሙን ወደ ቤልጂየም ሊየዥ ወስዶ አሠራቸው። የአሜሪካ ሻጭ የጀርመንን ሊቅ በቤልጂየም! ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በፊት የማውዘር ጠመንጃ የገዛው ከዚያችው ሊየዥ አካባቢ ካለው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ነው!

ሬሚንግተንን ካነሳን አይቀር፣ የእኛም ነው! በ1868 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲደመሰስ አፄ ዮሐንስና ራስ አሉላ በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ማረኩ። ብዙው ሬሚንግተን ነበር! የኒው ዮርኳ ትንሽ መንደር ኢሊየን ያመረተችው በካይሮ በኩል ዞሮ ትግራይ ገባ። በጉራዕ ከግብፅ ጦር አዛዦች ጋር የዘመተው የጦሩ ኤታ ማዦር አሜሪካዊ ነበር፤ ጄኔራል ሎሪንግ። አንድ እጁን ቀደም ብሎ በሜክሲኮ ጦርነት አጥቷል። ባለ አንድ እጁ አሜሪካዊ ጄኔራል ከደጋው ፈረሰኛ ጋር!

የሬሚንግተን የመጀመሪያ ሪቮልቨር ግን ከዚያ በፊት በ1857 ነው የወጣው። የኪስ ሽጉጥ፣ ባለ አምስት ጥይት፣ የፎርዳይስ ቢልስ ንድፍ። ቤቱ ከ1816 ጀምሮ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲቀጠቅጥ የኖረ ቤት ነው! 41 ዓመት ቆይቶ ሽጉጥ ሞከረ። ሄንሪን ቸኮለ የሚል ካለ ይህን ይንገሩት!

“የ1858 ሬሚንግተን” የሚባለው ዝነኛ ሽጉጥ በ1858 አልተሠራም! አፈሙዙ ላይ የተጻፈው የፈጠራ መብቱ ቀን ነው። ሽጉጡ የወጣው በ1860ዎቹ። ከካዝናው በላይ ድፍን የብረት ድልድይ አለው፤ የኮልት ሽጉጥ በዚያ ዘመን ከላይ ክፍት ነበር። በዚህ ላይ በ1864 የኮልት ፋብሪካ በእሳት ጋየ! ሬሚንግተን በደስታ አልዘለለም ብለው ያምናሉ? ቡፋሎ ቢል የራሱን ሬሚንግተን ፈጽሞ እንዳላሳፈረው በጽሑፍ መስክሮለታል!

አሁን ጣትዎ ስር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደላት አደራደር፣ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ ገበያ ላይ የወጣው በዚሁ በሬሚንግተን ነው! ፋብሪካው በ1870ዎቹ የጽሕፈት መኪና ሠራ። የልብስ ስፌት መኪናም ይሠራ ስለነበር የመጀመሪያው የጽሕፈት መኪና በላዩ አበባ ተስሎበት፣ በእግር መርገጫ መስመር እየቀየረ ወጣ! ደብዳቤ ይጻፍበት ቀሚስ ይሰፋበት አይለይም!

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውለዋል? የስፌት መኪና! ቦርቻርትን በበርሊን የቀጠረው ሉድቪግ ሎቨ ኩባንያ የተመሠረተው የስፌት መኪና ሊሠራ ነው፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሪቮልቨር ግልባጭም ሠርቷል። ኦስትሪያዊው ራስት ኤንድ ጋሰር ሪቮልቨርም ስፌት መኪናም! ስዊድናዊው ሁስክቫርናም እንዲሁ! መርፌና ምላጭ ምን አገናኛቸው? ትናንሽ የብረት ጥርሶችን ያለ ስህተት የሚቀርጽ ማሽን! ያ ማሽን ያለው ሁሉ ሁለቱንም ይሞክራል።

ሁስክቫርና ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል! በ1689 ለስዊድኑ ንጉሥ ለቃርሎስ ጠመንጃ ሊሠራ ተቋቋመ። ሪቮልቨር የሠራው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የናጋንት ንድፍ። በመሃል የስፌት መኪና። ቀጥሎ ሞተር ሳይክል። ቀጥሎ የዛፍ መቁረጫ መጋዝ። ዛሬ ያለ ሰው ብቻውን ግቢ ውስጥ እየዞረ ሣር የሚያጭድ ሮቦት! ጎረቤትዎ ሣር ሲያሳጭድ የንጉሥ ቃርሎስ ጠመንጃ ቤት ሠራተኛ እየረዳው ሊሆን ይችላል!

ናጋንት ካልን፣ ኤሚልና ሊየን ናጋንት የሊየዥ ወንድማማቾች ነበሩ። ለቫቲካን ወታደሮች የሬሚንግተን ጠመንጃ በፈቃድ ሠርተዋል! ቆይተው ወደ ሪቮልቨር ዞሩ። የ1895ቱ ናጋንት ሰባት ጥይት ይጎርሳል፤ ምላጩ ሲሳብ ካዝናው ወደ ፊት ሄዶ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል! በዚያ መሃል ጋዝ አያመልጥም። ስለዚህ ድምፅ ማፈኛ ከሚሠራላቸው ጥቂት ሪቮልቨሮች አንዱ ነው! ሩሲያ ለመኮንኖች ምላጭ ብቻ ሲሳብ የሚተኩሰውን ሰጠች፣ ለተራ ወታደር ግን መዶሻውን በእጁ እንዲስብ ፈረደችበት! ጥይት እንዳያባክን። በ1891 የጠመንጃ ውድድር ደግሞ አሸናፊው ሞሲን 30,000 ሩብል፣ ተሸናፊው ናጋንት 200,000 ሩብል ተከፈላቸው! ተሸንፎ መክበር ማለት ይህ ነው። ናጋንቶች በመጨረሻ ምን ሠሩ? መኪና!

እንግሊዞች ግን፣ ኧረ እንግሊዞች! የኤንፊልድ መንግሥታዊ ፋብሪካ ጠመንጃው ዓለምን ያዳረሰ ነው። በ1880 የመጀመሪያ ሪቮልቨሩን አወጣ። ነዳፊው የፊላዴልፊያ ሰው ኦወን ጆንስ። አፈሙዙን ወደ ታች ሲሰብሩት ካዝናው ወደ ፊት ይንሸራተትና ቀለሆቹ ይዘረገፋሉ። ሁሉም? የለም! የታችኛዋ ቀለህ አልወጣም ትላለች! መኮንኑ በጠላት ፊት ቆሞ አንዲት ቀለህ በጥፍሩ ይፈለቅቃል። ሰባት ዓመት ታግሰው በ1887 በሌላው እንግሊዛዊ ቤት በዌብሊ ሽጉጥ ለወጡት። የካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስ ግን ተሻሽሎ የወጣውን ኤንፊልድ እስከ 1911 ታጥቆት ኖረ! ትዕግሥት ወይስ ገንዘብ ማጣት?

ያው ኤንፊልድ በ1930ዎቹ እንደገና ሞከረ! ይኸኛው ሠራ። ሥራው ግን ቁርጥ የዌብሊን ሽጉጥ ነበር! ዌብሊ 2,250 ፓውንድ ይከፈለኝ ብሎ ጠየቀ፤ 1,250 ተፈረደለት። ይህ ሽጉጥ ለታንከኞች ሲሠራ የመዶሻው ጆሮ ተቆረጠ፤ በጠባቧ በር ሲወጡ ልብስና ገመድ እንዳይዝባቸው!

የፕሩሲያው ድራይዘ በመርፌ የሚተኮስ ጠመንጃ ፈጥሮ ዝናን አተረፈ። ቤቱ ያንኑ መርፌ በሪቮልቨር ውስጥም ከተተው! የጃፓኑ የ1893 ሪቮልቨር መዶሻው ጆሮ የለውም፣ ካዝናውም ምላጭ ካልተሳበ ልጓም የለውም፤ ግድግዳ ቢነካው ይዞራል! የፈረንሳይ የ1892 ሪቮልቨር ካዝናው ወደ ቀኝ ይከፈታል፣ የአብዛኞቹ ወደ ግራ ሲሆን! በኮሎኔል ሌበል ስም ይጠራል፤ ኮሎኔሉ ግን እጁ የለበትም!

ያውቁ ኖሯል? ኮልት በ1847 ሽጉጥ ሲታዘዝ ፋብሪካ አልነበረውም! የመጀመሪያው ከስሮ ተዘግቷል። ማን አዳነው? የጠመንጃ ሠሪው የኢላይ ዊትኒ ልጅ! አባትየው የጥጥ መዳመጫን የፈጠረ ሰው ነው። በጠመንጃ ፋብሪካው 1,100 “ዎከር” ሪቮልቨሮች ተሠሩ። አንዱ ሁለት ኪሎ ይመዝናል! ባሩዱ ከመብዛቱ የተነሳ አንዳንዶቹ ካዝናቸው ፈነዳ። ስሙን የሰጠው ሻምበል ሳሙኤል ዎከር ሁለት ደረሱት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሜክሲኮ ውስጥ ተገደለ። በጉልበቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚስተካከለው አልተገኘም፤ .357 ማግነም በ1935 እስኪመጣ!

መሥራቹ ኮልት ራሱ ለመጀመሪያው ፈጠራው ገንዘቡን ከየት አመጣ? “ዶክተር ኮልት” ነኝ እያለ በየከተማው የሚያስቅ ጋዝ ተመልካችን እያስሸተተ! ዶክተር አልነበረም። ተመልካቹ ግን ከልቡ ስቋል!

ተገላቢጦሹስ? ሽጉጥ ሠሪው ጠመንጃ ሲሠራ? ኮልት የሚዞር ካዝና ያለው ጠመንጃ አወጣ! ጠመንጃ በሁለት እጅ ይያዛል። ግራ እጅ የት ይሆናል? ከካዝናው ፊት! አንዱ ጎጆ ሲተኮስ እሳቱ ወደ ሌሎቹ ከዘለለ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈነዳሉ፣ በግራ እጅዎ ላይ! ወታደሮች መላ ዘየዱ። አንዳንዱ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፣ አንዳንዱ የማጉረሻውን ዘንግ ይዞ ተኮሰ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር የተረፉትን አውጥቶ ሸጣቸው። አንዱን ጠመንጃ በስንት? በ42 ሳንቲም! ዛሬ ሰብሳቢዎች አንዱን ለማግኘት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይዘው ይጋፋሉ!